የጨው ሳሙና ሲሠሩ በዘይት ምርጫና በጨው ልክ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ጨው አረፋን ያፍናል። የጨው ሳሙና አሠራር ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ስለሆነ፣ የጨው ልክ ከመወሰኑ በፊት ጨውን የሚችል ዘይት መመረጥ አለበት።

ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ጀማሪዎች ለተለመደ ሳሙና የሚጠቀሙበትን የዘይት ድብልቅ እንዳለ ይወስዱና ጨው ይጨምሩበታል። ብዙ ጊዜ ግማሹ የወይራ ዘይት ነው፤ ለቆዳ ይስማማል ተብሎ። ሳሙናው ያምራል፣ ይጠነክራል፣ ሳምንታት ተጠብቆ ውኃ ሲነካው ግን አረፋ የለም። እንደ ድንጋይ ቆዳ ላይ ይንሸራተታል። ከዚያ ጥፋቱ በጨው ይላከካል፤ ጨው ተቀንሶ በዚያው ዘይት እንደገና ይሠራል፣ እንደገናም ይከስራል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አብዛኛው ሳሙና በጨዋማ ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ፋብሪካዎች ሳሙናን ከግሊሰሪኑ የሚለዩት ጨው ጨምረውበት ስለሆነ ይህ የታወቀ ባሕርይ ነው። የወይራ ዘይት በብዛት የያዘው ኦሌይክ አሲድ 18 ካርበን ያለው ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ከእሱ የሚገኘው ሳሙና ጨው ሲበዛበት ይሸነፋል። ከኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ ግን 12 ካርበን ያለው ላውሪክ አሲድ ነው፤ የእሱ ሳሙና በባሕር ውኃ እንኳ ያረፋል። ስለዚህ ከዘይቱ 80 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ ኮኮናት ይሁን። የቀረው 15 በመቶ ወይራ፣ 5 በመቶ ደግሞ አረፋውን የሚያግዝ የጉሎ ዘይት ሊሆን ይችላል። ከፓልም ፍሬ አስኳል የሚወጣው ዘይት ኮኮናትን ሊተካ ይችላል፤ ከፍሬው ሥጋ የሚወጣው የተለመደው የፓልም ዘይት ግን አይተካም። ሁለቱን አያምታቱ።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ትርፍ ዘይትን ማሳነስ ነው። ለተለመደ ሳሙና 5 በመቶ ዘይት፣ ዘይቱን ሳሙና ከሚያደርገው ከኮስቲክ ሶዳው እንዲተርፍ ማድረግ በቂ ነው። ከኮኮናት ብቻ የተሠራ ሳሙና ግን በጣም ያጥባል፣ የቆዳን ወዝ ጠርጎ ይወስዳል። ከ15 እስከ 20 በመቶ ይተርፍ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1000 ግራም የኮኮናት ዘይት ሙሉ በሙሉ ሳሙና እንዲሆን 183 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። 20 በመቶ ሲቀነስለት 146 ግራም ይሆናል፤ ውኃው 300 ግራም ገደማ ይበቃዋል። 800 ግራም ኮኮናት፣ 150 ግራም ወይራና 50 ግራም ጉሎ ከሆነ ደግሞ፣ 15 በመቶ ተቀንሶ 147 ግራም ሶዳ ነው። አንድ ዘይት በሌላ ከተተካ ሒሳቡ እንደገና ይሠራ። ጨው ሶዳ ስለማይበላ እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ይህን ያህል ትርፍ የሚፈቀደው ኮኮናት ቶሎ ስለማይበላሽ ነው፤ ድብልቁ ላይ የሱፍ ዘይት ቢበዛ ትርፉ ይሻግታል፣ ሳሙናውም ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያወጣል።

ጨውን በኩባያ መስፈር ይቅር። አንድ ኩባያ ደቃቅ ጨውና አንድ ኩባያ ሻካራ ጨው ክብደታቸው አይገናኝም። የሚለካው በሚዛን ሆኖ፣ መነሻው የዘይቱ ክብደት ነው እንጂ የጠቅላላው ድብልቅ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ 50 በመቶ ይሞክሩ፤ ለ1000 ግራም ዘይት 500 ግራም ጨው ማለት ነው። 100 በመቶ ድረስ መሄድ ይቻላል፣ ግን ዘይቱ ሁሉ ኮኮናት ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔም ሳሙናው ሲቆረጥ በቀላሉ ይፈረፈራል።

የጨው ዓይነትም ልክ እንደ መጠኑ ይወስናል። ደቃቅ የገበታ ወይም የባሕር ጨው ይበቃል። ሻካራው ቆዳ ይቧጭራል። የሙት ባሕር ጨውና የኤፕሰም ጨው ፈጽሞ አይግቡ፤ ሁለቱም ማግኒዚየም አላቸው። የመጀመሪያው እርጥበት ከአየር እየሳበ ሳሙናውን ያስለቅሰዋል፤ የሁለተኛው ማግኒዚየም ከሳሙናው ጋር ተዋህዶ የማያረፋ ዝቃጭ ይሆናል።

ጨው ሶዳው ውኃ ውስጥ አይጨመር፣ በደንብ አይሟሟም። ዘይቱና ሶዳው ተቀላቅለው መወፈር ሲጀምሩ፣ የማማሰያው ፈለግ ላዩ ላይ ሲታይ፣ ያኔ ይጨመርና በፍጥነት ወደ ፎርማው ይገልበጥ። ሶዳን ወደ ውኃ እንጂ ውኃን ወደ ሶዳ አይጨምሩ፤ የአሉሚኒየም ዕቃም አይጠቀሙ።

የተለመደ ሳሙና እስከ ነገ ይጠብቃል፤ ይህኛው አይጠብቅም። በትልቅ ፎርማ ከተገለበጠ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀምሮ እየነኩ ይከታተሉት። ጠንክሮ ገና ሙቅ ሳለ ይቆረጥ፣ ጓንት ተደርጎ፣ ምክንያቱም ሶዳው ገና ይፋጃል። ካደረ ቢላው ሥር ይፈረካከሳል። ለጀማሪ አንድ አንድ ሳሙና የሚይዙ ትናንሽ የሲሊኮን ፎርማዎች ይሻላሉ፣ መቁረጥ የሚባለው ጭንቀት ይቀራል።

በማግስቱ ድንጋይ ሆኖ ሲገኝ ደርሷል ብሎ መጠቀም ደግሞ ሌላው ችኮላ ነው። ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቆይ፤ ወራት ቢቆይ አረፋው ይበልጥ ይለሰልሳል። በእርጥብ አየር ላዩ ላይ ጠል ቢያወጣ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት እንጂ በላስቲክ አይጠቅልሉት።