ከመግቢያ ነጥብ ባሻገር፦ ለውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክቱ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ አራት ኪሎ በሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ የማገኛቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች «ስንት ባመጣ ይቀበሉኛል?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እዚህ ያደገ ልጅ የሚያውቀው በመቁረጫ ነጥብ የሚሠራ ሥርዓት ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶ ማምጣት ግድ ሆኖ፣ በዚያው ዓመት ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 ከመቶ ብቻ ስለነበሩ፣ ቁጥር ሁሉን የሚወስን መስሎ ቢታየን አያስደንቅም። ብዙ ሰው በሚሻማባቸው የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ነጥቡ ወረፋው ውስጥ ያስገባል እንጂ ወንበር አይሰጥም። ጎበዝ ልጆች ይህን ባለማወቃቸው ብቻ ሲቀሩ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት የተጻፈውን መስፈርት እንደ ቃል ኪዳን ማንበብ ነው። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ አሠራር በ2018 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት በተመረመረበት ጊዜ አንድ ዓመት ስላመለከቱ ተማሪዎች የቀረበው መረጃ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ከአሜሪካውያን አመልካቾች መካከል ብቻ ከ8,000 የሚበልጡት ፍጹም የሆነ የትምህርት ቤት አማካይ ውጤት ነበራቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ከመላው ዓለም የተቀበለው ግን በጠቅላላው ወደ 2,000 ተማሪዎች ነበር። በመሆኑም ማመልከቻ አንባቢው «ይህ ልጅ ይችላል ወይ?» ከሚለው አልፎ «ባለው ነገር ምን ሠራበት? ክፍሉ ውስጥ ቢገባ ምን ይዞ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያው ችሎት እንደታየው፣ ከትምህርት ውጤት ሌላ ከክፍል ውጭ ለሚደረግ ተሳትፎ፣ ለስፖርትና ለግል ባሕርይም ደረጃ ይሰጣል። ለተመለመሉ ስፖርተኞችና ለቀድሞ ተማሪዎች ልጆችም የተለየ ቦታ አለ። ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ላደገ ልጅ እነዚያ ወንበሮች ከመጀመሪያውም የሉም። ይህን ያወቀ ተማሪ ስማቸው የገነነ አምስት ዩኒቨርሲቲዎችን ብቻ መርጦ አይቀመጥም፤ ብዙም ያልተወራላቸውን፣ ነገር ግን ለውጭ ተማሪዎች በቂ እርዳታ የሚሰጡ ትንንሽ ኮሌጆችን ይጨምርበታል።

ሁለተኛውና ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ስህተት የገንዘብን ጉዳይ ከቅበላ ነጥሎ ማየት ነው። ሐርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝና ቦውዶን የውጭ ተማሪን የመክፈል አቅም ሳያዩ ይወስናሉ፣ ከተቀበሉትም የጎደለውን ይሞላሉ። እንዲህ የሚያደርጉት ጥቂት ናቸው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ግን የተጠየቀው እርዳታ ራሱ ሚዛን ላይ ይወጣል። በዓመት 60,000 ዶላር እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ በራሱ ከሚከፍለው ጋር እኩል መሆን አይበቃውም፣ በግልጽ መብለጥ ይኖርበታል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ቤተሰቦች «አሜሪካ ያለው አጎቱ ይከፍላል» ብለው ያስሞላሉ። ልጁ ተቀባይነት አግኝቶ ቤቱ እልል ከተባለ በኋላ ሒሳቡ ሲመጣ አጎትየው አቅም እንደሌለው ይታወቃል። ብዙ ኮሌጆች ደግሞ በማመልከቻው ጊዜ እርዳታ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በኋላ እንዲጠይቅ አይፈቅዱም። ስለዚህ እውነተኛውን አቅም ከመጀመሪያው መጻፍ ያስፈልጋል። ስሌቱም በወቅታዊ ምንዛሪ ይሁን፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ፣ ወደ 350 ዶላር ይመነዘር የነበረ የ20,000 ብር ደመወዝ ከ200 ዶላር በታች ወርዷል። የቆየ ቅጽ ከጓደኛቸው ተቀብለው የሚገለብጡ ልጆች ቤተሰባቸውን በወረቀት ላይ ሀብታም ያደርጉታል። የማመልከቻ ክፍያውንም ቢሆን ችግሩን አስረድቶ በነጻ እንዲታለፍ መጠየቅ ይቻላል፤ በዚህ ማፈር አያስፈልግም።

የምስክርነት ደብዳቤውን ነገር ረጋ ብለን እንየው። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ያሳየኝ ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ አርማ ወረቀት ላይ የተጻፈ አራት መስመር ነበር፤ «ተማሪው ጠባየ መልካም፣ ታዛዥና ትጉህ መሆኑን እንመሰክራለን» ይልና ከታች ክብ ማኅተም አርፎበታል። ማኅተሙ በጥንቃቄ ተመትቷል፣ ፊርማውም ያምራል። እዚህ ለሥራ ቅጥር ቢሆን ይበቃ ነበር። እዚያ ግን አንባቢው ከዚህ ደብዳቤ ስለ ልጁ የሚያውቀው አንድም ነገር የለም። መምህሩ ሰንፎ አይደለም፤ 60 ተማሪ በሚማርበት ክፍል ያስተምራል፣ ምን እንደሚፈለግም ማንም አልነገረው። ስለዚህ ተማሪው ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ በቅርብ የሚያውቀውን መምህር ቀርቦ ማስታወስ አለበት። የፊዚክሱን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ በሌላ መንገድ የፈታበትን ቀን፣ በተሳሳተበት ጊዜ ተመልሶ የጠየቀውን ጥያቄ፣ የደከሙትን ጓደኞቹን ያስጠናበትን ወር ያንሣለት። መምህሩ ያየውን ይጻፍ። «ከ62 ተማሪዎች 3ኛ» የሚለው ደረጃም ትምህርት ቤቱን ለማያውቅ ሰው ትርጉም የለውም፤ ርዕሰ መምህሩ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ተማሪው ብዛትና ስለ ማርክ አሰጣጡ አንድ ገጽ ቢጽፉ ለአመልካቾቹ ሁሉ ይጠቅማል።

ሌላው ስህተት የራስን ሕይወት መናቅ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ በአባቱ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ አንድ ልጅ የተሳትፎውን ዝርዝር ባዶ ትቶ መጣ። ለምን እንዳልሞላው ስጠይቀው «ጋሼ፣ እኔ እኮ ምንም ክበብ የለኝም» አለኝ። እያወጋን ሳለ ግን ማሽኑ በስንተኛው ገጽ ላይ ወረቀት እንደሚቀረቅር ሁለት ዓመት ሙሉ በደብተር ሲመዘግብ መቆየቱን፣ በዚያም ሮለሩ የሚለወጥበትን ጊዜ አስቀድሞ ማወቅ መቻሉን ነገረኝ። የደብተሩ ጠርዝ በቀለም ጠቁሯል። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች በጋራ በሚቀበሉት የኮመን አፕ ማመልከቻ ላይ ካሉት አሥር የተሳትፎ ቦታዎች ውስጥ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራም የቤተሰብ ኃላፊነትም ይጻፋል፤ ታናናሾቿን የምታሳድግ ልጅ የምትጽፈው አላት ማለት ነው። ያ ልጅ ስለ ድህነት የጀመረውን ጽሑፍ ትቶ ስለ ደብተሩ ጻፈ፤ ጽሑፉን ሳነብ ልጁ ራሱ ፊቴ የተቀመጠ መሰለኝ። ገንዘብ ተቀብሎ ጽሑፍ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከየትም ሊያመጣው አይችልም።

ያንኑ ጽሑፍ ወደ ብሪታንያ መላክም ስህተት ነው። እዚያ በዋናነት የሚታየው ለመረጡት ትምህርት ያለዎት ዝግጁነት ነው። በ2026 እ.ኤ.አ. ለሚገቡ ተማሪዎች የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ በሚቀርብበት በዩካስ በኩል የሚላከው የግል መግለጫ ሦስት ጥያቄዎች ያሉት ሆኗል፤ ለምን ይህን ትምህርት እንደመረጡ፣ የተማሩት እንዴት እንዳዘጋጀዎት፣ ከትምህርት ውጭስ ምን እንዳደረጉ ይጠየቃሉ፤ በጠቅላላው ከ4,000 ፊደላትና ክፍት ቦታዎች አይበልጥም። ተፈላጊ ከሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎቹ የእኛን የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን ስለማይቀበሉ፣ ከመክፈልዎ በፊት በድረ ገጻቸው ላይ ለኢትዮጵያ የተጻፈውን ያንብቡ። ለሕክምና ዩካት፣ በአንዳንድ ቦታዎች ለሕግ ኤልናት የሚባሉት ፈተናዎች ምዝገባም ከማመልከቻው የተለየ ነው።

ስለ ቀን አጭር ነገር ልጨምር። የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅና የሕክምና ማመልከቻ ኦክቶበር 15 ይዘጋል፤ እንደ ዓመቱ ጥቅምት 4 ወይም 5 ማለት ነው። የሚዘጋበት ሰዓት በእነርሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 6 ሰዓት (18:00) ሲሆን፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ስለሆነ «እኩለ ሌሊት ድረስ ጊዜ አለኝ» የሚል ልጅ ይቀራል። ስምም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ኤስኤቲ ለሚባለው የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በአባት ስም ተመዝግቦ ማመልከቻውን በአያት ስም የሚሞላ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ደግሞ ስሙ በሌላ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ የሰፈረ ተማሪ ሰነዶቹ ላይገናኙለት ይችላሉ። ስለዚህ ገና ለፈተና ከመመዝገብዎ በፊት ፓስፖርትዎን ከፊትዎ አስቀምጠው፣ ስሙንም የልደት ቀኑንም ፊደል በፊደል ከዚያ ይገልብጡ።