«በአጠቃላይ ረክተዋል?» የሚለው ጥያቄና ሌሎች የመጠይቅ ስህተቶች

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው የጥያቄው ስፋት ነው። «በአጠቃላይ በከተማው አገልግሎት ረክተዋል?» የሚለው በየመጠይቁ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። ደሴ ላይ ይህን ሲጠየቁ የሰኞ ገበያዋ ነጋዴ የምታስበው ግብሯን ነው፤ የሆጤው አባወራ የቧንቧውን ውሃ፣ ባለባጃጁ ደግሞ የመንገዱን ጉድጓድ። ሦስቱም «አዎ» ቢሉ የመለሱት ሦስት የተለያየ ጥያቄ ነው። ያንን ደምሮ «70 በመቶው ሕዝብ ረክቷል» ማለት ጤፍና ሽንብራ በአንድ ቁና ሰፍሮ የጤፍ ዋጋ እንደ መናገር ነው።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለው፤ ለሰፊ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሰላምታ ነው። «እማማ፣ አገልግሎቱስ እንዴት ነው?» ሲባሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ምን እንላለን ልጄ» ይላሉ፤ ጎረቤታቸው «ተመስገን» ይላሉ። ጠያቂው ታብሌቱ ላይ «ረክቻለሁ» የሚለውን ነክቶ ያልፋል። እኚህ እናት ያመሰገኑት ፈጣሪያቸውን እንጂ የውሃውን መሥሪያ ቤት አይደለም! «ባለፉት 7 ቀናት ውሃ የመጣው ስንት ቀን ነው?» ቢባሉ «ኧረ አንድ ቀን፣ እሱም ሌሊት» ሊሉ ይችላሉ። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ግን የመጀመሪያው መልስ ነው፤ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው ሰው ረክተሃል ተብሎ ይነገረዋል።

ስለዚህ በአንድ ጥያቄ አንድ አገልግሎት ብቻ ጥቀሱ፣ ጊዜውን ወስኑ፣ የሚቆጠር ነገር ጠይቁ። ማጠቃለያ ጥያቄ የግድ ካስፈለገ በየዙሩ ቦታውን አትቀያይሩ፤ ከውሃ ጥያቄ በኋላ ሲመጣ የውሃው ምሬት ይጫነዋል። ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊትም በ15 ሰው ሞክሩትና «ሲመልሱ ምን አስበው ነው?» በሉ። አምስት ዓይነት መልስ ከመጣ ጥያቄው ይጣል።

«በመንገዱና በመብራቱ ረክተዋል?» ሁለት ጥያቄ ነው፤ ይከፈል።

አሉታን በአሉታ ላይ አትደርቡ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 ሮፐር የተባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት፣ ናዚዎች አይሁዶችን መጨፍጨፋቸው «አልተፈጸመም» የሚለው ነገር ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም ብሎ ሲጠይቅ 22 በመቶው «ሊሆን ይችላል» አለ፤ አገር ደነገጠ። በ1994 ጥያቄው ተስተካክሎ ሲቀርብ ቁጥሩ ወደ 1 በመቶ ገደማ ወረደ። አማርኛ ላይ ይብሳል። «አገልግሎቱ አልተሻሻለም ብለው አያምኑም?» ሲባል «አዎ» ያለውም «አይ» ያለውም ምን ለማለት እንደፈለገ አይለይም።

«ይከልከል» እና «አይፈቀድ» አንድ ይመስላሉ፤ በመልስ ግን አንድ አይደሉም። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1940 ዲሞክራሲን የሚቃወም ንግግር ይፈቀድ ወይ ተብሎ ከተጠየቀው ቡድን «አይፈቀድ» ያለው 62 በመቶ ሲሆን፣ ይከልከል ወይ ተብሎ ከተጠየቀው ሌላ ቡድን «ይከልከል» ያለው 46 በመቶ ነበር። ቃሉን የመረጠው ሰው ውጤቱንም በከፊል መርጧል ማለት ነው።

«አላውቅም» የሚል አማራጭ ከሌለ ሰው ያልያዘውን አቋም ይሰጣችኋል።

የምትጠይቁበት ሰዓትም ያሳስታል። ኮምቦልቻ ላይ በቀን ብቻ ቤት ለቤት ከዞራችሁ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የሚሠሩትን ወጣቶች አታገኟቸውም፤ ማታና እሑድ ተመለሱ። ደሴ ሰኞ ዕለት ገበያ መሐል ቆሞ መጠየቅ የከተማውን ነዋሪ አስተያየት አይሰጥም፤ ግማሹ ከገጠር የመጣ ገበያተኛ ሊሆን ይችላል። ዓርብ በጁምዓ ሰዓትም በር አታንኳኩ።

የመጨረሻው የቁጥር ጉዳይ ነው። ለሁለቱ ከተሞች 400 ሰው በዕጣ ቢመረጥ የስህተቱ ህዳግ (ውጤቱ ከእውነተኛው ቁጥር ሊርቅ የሚችልበት መጠን) ወደ 5 በመቶ ወዲህና ወዲያ ነው። ከዚያ ውስጥ የኮምቦልቻው 100 ሰው ብቻ ከሆነ ግን 10 በመቶ ይደርሳል። ደሴ 62፣ ኮምቦልቻ 55 በመቶ ቢወጣ «ደሴ በለጠች» የሚል ርዕስ አይጻፍ፤ ልዩነቱ በዕጣው ብቻ ሊመጣ የሚችል ነው። ከቁጥሩ ሥር የተጠየቀው ጥያቄ ቃል በቃል፣ የተጠያቂው ብዛትና ቀኑ ይታተም።