የተቆራኙ ቅንጣቶች መልእክት ያስተላልፉ እንደሆነ በወረቀት ላይ እንዴት ማስላት ይቻላል?

የኳንተም ቁርኝት፣ ማለትም የሁለት ቅንጣቶች የልኬት ውጤቶች ተራርቀውም እንኳ የሚዛመዱበት ሁኔታ፣ ከብርሃን ፍጥነት በላይ መልእክት ለመላክ ያስችላል የሚል ጽሑፍ ያጋጠመው ሰው፣ በደፈናው ከመቀበል ወይም ከማጣጣል ይልቅ ራሱ አስልቶ ቢያየው ይሻላል። ለዚህም ወረቀት፣ እርሳስና የክፍልፋይ ድምር ይበቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት የቻይና ሳተላይት የተቆራኙ ጥንድ ፎቶኖችን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶችን፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚራራቁት በቻይና የሚገኙ የዴሊንግሃና የሊጂያንግ ጣቢያዎች መላኳ ተረጋግጧል። ለስሌታችን በሁለቱም ጣቢያዎች የብርሃን ማጣሪያ፣ ማለትም ፖላራይዘር፣ ተተክሏል እንበል፤ ፎቶኑ ወይ ያልፋል፣ ወይ ይታገዳል። ጥንዶቹም ማጣሪያዎቹ በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑ ሁልጊዜ ተቃራኒ ውጤት የሚሰጡ ዓይነት ይሁኑ።

በመጀመሪያ አቅጣጫው አንድ የሆነበትን ሰንጠረዥ ይጻፉ፦ ሁለቱም የሚያልፉበት ዕድል 0፣ ሁለቱም የሚታገዱበት 0፣ የዴሊንግሃው ብቻ የሚያልፍበት 1/2፣ የሊጂያንጉ ብቻ የሚያልፍበት 1/2 ነው። ቀጥሎ ዴሊንግሃ ያለው ሰው መልእክት ለመላክ አስቦ ማጣሪያውን በ30 ዲግሪ ያዙረው። ተመሳሳይ ውጤት የሚገኝበት ዕድል የማዕዘኑ ልዩነት ሳይን ካሬ ስለሆነ 1/4 ይሆናል፤ ስለዚህ ሁለቱም የሚያልፉበት 1/8፣ ሁለቱም የሚታገዱበት 1/8፣ አንደኛው ብቻ የሚያልፍባቸው ሁለት ሁኔታዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 3/8 ናቸው።

አሁን ሊጂያንግ ያለው ሰው የሚያየውን ብቻ ይደምሩ። በመጀመሪያው ሰንጠረዥ የእርሱ ፎቶን የሚያልፍበት ዕድል 0 + 1/2፣ በሁለተኛው 1/8 + 3/8 ነው፤ ሁለቱም ግማሽ ናቸው። ማዕዘኑን እንደፈለጉ ቢቀያይሩ፣ የሳይን ካሬና የኮሳይን ካሬ ድምር ሁልጊዜ 1 ስለሆነ፣ ግማሽነቱ አይናወጥም። ሊጂያንግ ያለው ሰው ማጣሪያው መዞሩን የሚያውቅበት አንዳች ምልክት የለውም።

ይህ ግን ቁርኝቱን ተራ ነገር አያደርገውም። ለውጡ የሚታየው ሁለቱ የውጤት መዝገቦች ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ከብርሃን በማይፈጥን መንገድ መጓዝ አለበት። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል በ1964 ባሳየው መሠረት፣ ውጤቶቹ በየቅንጣቱ አስቀድመው የተወሰኑ ቢሆኑ ኖሮ ዝምድናቸው የማያልፈው ገደብ ይኖረው ነበር። ሙከራዎች ገደቡን ጥሰዋል፤ አላን አስፔ፣ ጆን ክላውዘርና አንቶን ዛይሊንገርም በዚህ ዘርፍ ሥራቸው የ2022ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

አንባቢው «ፎቶኑን ደጋግሞ ቀድቶ ቢለካስ?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የፊዚክስ ሊቃውንቱ ዎተርስና ዙሬክ፣ እንዲሁም ዲክስ፣ በ1982 ያልታወቀ የኳንተም ሁኔታን በትክክል መቅዳት እንደማይቻል አረጋግጠዋል። ኳንተም ቴሌፖርቴሽን የሚባለውን፣ ማለትም የአንድን ቅንጣት ሁኔታ በቁርኝት አማካይነት ወደ ሌላ ቅንጣት ማስተላለፍን፣ ሲመረምሩም ለእያንዳንዱ ኪውቢት (የኳንተም መረጃ አሃድ) በተለመደ መንገድ መላክ ያለባቸው ሁለት ቢቶች (0 ወይም 1 የሆኑ ተራ የመረጃ አሃዶች) የት እንዳሉ ይፈልጉ። እነርሱ እስኪደርሱት ድረስ ተቀባዩ ቅንጣቱን ለክቶ ስለተላከው ሁኔታ የሚያውቀው ነገር የለም።