«ጋቢ ጨምሪበት»፦ ሲኒጋንግ አልሆን ሲል

ሲኒጋንግ የፊሊፒንሶች ጎምዛዛ ሾርባ ነው። እኔ የለመድኩት ዱባይ፣ አብራኝ ከምትሠራ ፊሊፒናዊት ነው። «አቴ» እላት ነበር፤ በእነሱ ቋንቋ እትዬ እንደማለት ነው። የአሳማ ጎድኑን ከሱፐርማርኬቱ ጥግ፣ «ሙስሊም ላልሆኑ» ተብሎ ከተጻፈበት ክፍል ትገዛለች። አንድ ቀን ድስቱን እያማሰልኩ «ጋቢ ጨምሪበት» አለችኝ። ትከሻዬን አየሁ። ለካ ጋቢ የሚሉት ጎደሬን ነው።

ከዚያ ወዲህ ስሠራው ያላበላሸሁት ነገር የለም።

እጄን አሳከከኝ

ጥሬ ጎደሬ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉት። ቆዳ ላይ ይሰካሉ። ወላይታ ወይም ከፋ ያደገ ሰው ይህን ክፍል ይዝለለው፤ እኔ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ ጎደሬውን ሙልጭ አድርጌ አጠብኩ፣ ከዚያ በእርጥብ እጄ እርጥቡን ላጥኩት። ሁለተኛው ላይ ሳልደርስ ጣቶቼ መሀል መብላት ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ክንዴ ድረስ ወጣ። አቴ ስቃ ስታበቃ ቢላዋውን ተቀበለችኝ።

መፍትሄው ቀላል ነው፤ ደረቁን ላጡት፣ ከዚያ እጠቡት። ጓንት ካለ ጥሩ፣ ከሌለ እጃችሁን ዘይት ቀቡ። ካሳከከ በኋላ እኔን ያበረደልኝ ሎሚ አሽቶ በሳሙና መታጠብ ነው።

ጉሮሮዬን ከረከረኝ

ያው መርፌ ነው። ጎደሬው አልበሰለም ማለት ነው። ሳህናችሁን ወደ ድስቱ መልሱና ቀቅሉ። ሹካ ሲወጉት ያለ ምንም ችግር መግባት አለበት። «ትንሽ ጠንከር ቢል ምን አለ» የሚባልበት አትክልት አይደለም።

ሰዓት ሙሉ ቀቅዬው ጎደሬው አልበስል አለ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጎምዛዛውን (ሁመሩን፣ ወይም ከታች የምጠቅሰውን ሌላ ማኮምጠጫ) መቼ ጨመራችሁ? ኮምጣጣ ነገር አትክልት እንዳይለሰልስ ያደርጋል። ያልበሰለ ባቄላ ላይ ቲማቲም የሞጀረ ሰው ጣጣውን ያውቃል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። አንድ ኪሎ የአሳማ ጎድን ወይም ስብ ያለው የሆድ ሥጋ በሁለት ሊትር ውሃ ይጣዳል፣ አረፋው ይገፈፋል፣ አንድ ሽንኩርትና ሁለት ቲማቲም ይገባል። ሁለት ቲማቲም ብዙ አያኮመጥጥም፣ አትስጉ። ውሃው የሩዝ እጣቢ ቢሆን ይመረጣል፤ ፊሊፒንሶች ሁለተኛውን እጣቢ አይደፉትም። ሥጋው ለአንድ ሰዓት ያህል በቀስታ ይንተክተክ፤ በኃይል ከፈላ ይደርቃል። ሥጋው ሲለሰልስ ጎደሬው ይገባል፣ 20 ደቂቃ ያህል። ጎምዛዛው የሚገባው ጎደሬው ከበሰለ በኋላ ነው። ከዚያ ነጭ ፍጅል፣ ፎሶሊያ፣ ደበርጃን፣ ባሚያና ረጅም ቃሪያ። ካንኮንግ የሚሉት ቅጠል መጨረሻ፣ እሳቱ ሊጠፋ ሲል።

አንዴ ካኮመጠጣችሁትስ? ጎደሬውን ለቅማችሁ በሌላ ድስት በንጹህ ውሃ ቀቅሉና መልሱት። ሾርባው ላይ እሳት መጨመር ሥጋውን ብቻ ነው የሚበታትነው።

ሾርባው ጠቆረ፣ ጣፋጭም ሆነ

የበሰለ ሁመር ተጠቅማችኋል። ሁመር አንዳንዱ ሮቃ የሚለው፣ ዓረቦቹ ተምር ሂንዲ የሚሉት ነው። ለሲኒጋንግ የሚመረጠው ግን ያልበሰለው አረንጓዴው ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተጨፍልቆ፣ በወንፊት ይጠለላል። ቡናማው ብቻ ካላችሁ ትንሽ አድርጉና የጎደለውን ኮምጣጣ ድስቱን ካወረዳችሁ በኋላ በሎሚ ሙሉት። ፊሊፒንሶቹም ሁመር ብቻ አይሉም፤ በዘይቱን (በጓቫ) የሚያኮመጥጡት አለ፣ በጥሬ ማንጎም እንዲሁ።

በፓኬት የሚሸጠው የሲኒጋንግ ማኮምጠጫ ዱቄት ጨውም አለበት። እሱን ሳትጨምሩ ጨው እንዳትነኩ። ፓቲስ የሚባለው የዓሣ ፈሳሽም ጨው ነው።

ወጥ ወጥ አለኝ

ቁሌት ሠርታችኋል፣ አይደል? እጃችን ለምዶት ሽንኩርት ሳናቁላላ አናርፍም። ሲኒጋንግ ቁሌት የለውም፣ በርበሬ የለውም፣ ቅቤ የለውም። ሽንኩርቱ ተቆርጦ ቀጥታ ውሃ ውስጥ ነው። ይህን የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ በእንጀራ ብሉትና ነገ እንደገና ጀምሩ።

ወፈረ

ጎደሬው ሟሙቷል። እኔ ይህን ጥፋት አልለውም። እንዲያውም አቴ ሁለት ፍሬ በጭልፋ ጀርባ ደፍጥጣ ሆን ብላ ታወፍረው ነበር። ካልወደዳችሁት ሙቅ ውሃ ጨምሩና ጨውና ጎምዛዛውን እንደገና ቅመሱ።

የሚዝለገለግ ከሆነ ግን ጥፋተኛዋ ባሚያ ናት። አትክተፏት፤ ሙሉዋን አስገቧት።

ካንኮንግ የሚሉት ቅጠል የለኝም

ስፒናች ይሆናል። የኛም ጎመን ይሄዳል፤ አንዳንድ ሲኒጋንግ ላይ የሰናፍጭ ቅጠል ይጨምራሉ፣ ጎመናችን ደግሞ የሰናፍጭ ዘመድ ነው። ብቻ ጎመን ጠንካራ ስለሆነ ጎምዛዛው ከመግባቱ በፊት ጨምሩት።

አሳማ አንበላም

ፊሊፒንሶችም በበሬ፣ በዓሣና በሽሪምፕ ይሠሩታል። በበሬ ጎድን ከሆነ ሁለት ሰዓት እና ከዚያ በላይ መድቡለት። እናቴ አሳማ ያለበት ድስት አጠገብ አትደርስም፤ ለሷ በበሬ ነው የሠራሁላት። ሥጋውን ወደኔ ገፋ አድርጋ ጎደሬውን አንድ በአንድ ለቀመችው።