የእማዬ ቢጫ ካርድና የ8 ዓመቱ ልዩነት

እማዬን ለሕክምና ሕንድ ልወስዳት ነው። ቪዛው ወጣ፣ ትኬቱ ተቆረጠ፣ በቃ አለቀ ብዬ ነበር። በረራው 8 ቀን ሲቀረው ቢጫ ካርዷን፣ ማለትም የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃዋን፣ ከፓስፖርቷ ጋር ሳስተያይ ክው አልኩ። የትውልድ ዓመቷ ካርዱ ላይ 1950፣ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ 1958። የሞላው ሰው በእኛ አቆጣጠር ጽፎታል። የአያቷ ስምማ ጭራሽ የለም።

መጀመሪያ የመጣልኝ እንደገና ማስከተብ ነበር። ግን የቢጫ ወባ ካርድ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው ሐኪም ሳያማክሩ ዝም ብሎ አይሰጥም። ሕንድ በበኩሏ ካርድ የሌለውን የኢትዮጵያ መንገደኛ እስከ 6 ቀን ለይታ ልታቆይ ትችላለች። ለታመመች እናት ይኼ አይታሰብም! ወንድሜ «በእስክሪብቶ አስተካክለውና እንገላገል» አለኝ። እንዳትሞክሩት፤ የተሰረዘ የተደለዘ ካርድ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ያዳነን መዝገቡ ነው። ፓስፖርቷንና አሮጌውን ካርድ ይዤ ወደተከተበችበት ቦታ ሄድኩ፣ በክትባቱ ቀን ፈልገው አገኙትና ስሟን ልክ እንደ ፓስፖርቱ፣ ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አድርገው አዲስ ካርድ ጻፉልኝ። ማኅተሙንና ፊርማውን እዚያው ቆሜ አየሁ። «10 ዓመት አልፎታል» የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንድ ጊዜ ክትባት ለዕድሜ ልክ ነው፣ አሮጌ ካርድም ቢሆን።

መድኃኒቷን ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ያዝኩ። ቦሌ ላይ ካርዱን አንድ ጊዜ አይተው መለሱልኝ።