ማግደቡርግን በ2 ሜትር ወረቀት፦ ለሐዋሳ የታሪክ ክበቦች

የጀርመኗን ከተማ የማግደቡርግን የጊዜ መስመር ለመሥራት፣ ለአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 2 ሜትር የጥቅል ወረቀት፣ ሰማያዊና ቀይ ማርከር፣ ማስመሪያና ፕላስተር ይበቃል። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ስለሚያስቸግር አራቱንም ማዕዘን አጥብቃችሁ ለጥፉ። በጥጉ ላይ በትልቁ «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ፤ ካልሆነ ግማሹ ተማሪ ዓመቶቹን ወደ እኛ አቆጣጠር እየቀየረ መስመሩን ያዛባል።

አንድ ሳንቲ ሜትር አንድ ዓመት ነው። ከግራ ጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ 805ን አስቀምጡ፤ ማግደቡርግ በምሥራቅ ከሚኖሩት የስላቭ ሕዝቦች ጋር የሚነገድባት የድንበር ጣቢያ ሆና በፍራንኮች ንጉሠ ነገሥት በታላቁ ካርል (ሻርለማኝ) ድንጋጌ ውስጥ ስሟ የተነሳው ያኔ ነው። ቀጥሎ 124 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይሆናል። ተማሪዎች ወረቀቱን እናጥፈው ይላሉ፤ አትፍቀዱ፣ የከተማዋ እድገት ድንገተኛነት የሚታየው በዚያ ባዶነት ነው። 929 ላይ ኦቶ፣ ኋላ የጀርመን ንጉሥ የሆነው፣ ከተማዋን ለሚስቱ ለእንግሊዛዊቷ ኤዲት በጋብቻ ስጦታነት ሰጣት፤ 937 ላይ የቅዱስ ማውሪስዮስን ገዳም መሠረተ። ፖለቲካውን በሰማያዊ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በቀይ ጻፉ። ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ ስለሚጨናነቁ አንዱን ከመስመሩ በላይ፣ ቀጣዩን ከታች አድርጉ።

ቢያንስ 15 ደቂቃ ከ955 እስከ 968 ላለው ተዉ። ኦቶ ከተማዋን የሊቀ ጳጳስ መንበር ማድረግ ፈለገ፤ ቦታው ግን የሃልበርሽታት ሀገረ ስብከት ነው፣ ሃልበርሽታት ደግሞ በማይንስ ሥር ናት። የማይንሱ ሊቀ ጳጳስ ቪልሄልም፣ ኦቶ ከጋብቻ ውጭ የወለደው ልጁ፣ አሻፈረኝ አለ። 962 ኦቶ ሮም ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሲቀባ የሮማው ፖፕ ዮሐንስ 12ኛ ፈቀደ። «ታዲያ ለምን ስድስት ዓመት ዘገየ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተለመደው መልስ «አቅም አንሶት» ነው። አይደለም፤ 955 ላይ ሌሽፌልድ ላይ ሃንጋሪዎችን ድል አድርጓል። ጉዳዩ የሀገረ ስብከት ወሰንና አሥራት ነበር፤ እንዲህ ያለ ክርክር ለእኛም እንግዳ አይደለም። 968 ላይ ቪልሄልምና የሃልበርሽታቱ ጳጳስ በሳምንታት ልዩነት ሞቱ፣ ተተኪዎቻቸው ተስማሙ። ቀድሞ ወደ ኪየቭ ተልኮ ሳይሳካለት የተመለሰው አዳልቤርት የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ሆነ።

973 ላይ የኦቶን ሞት አስገቡ፤ የተቀበረው እዚያው ነው። 983 ላይ ስላቮች አምፀው ሃቬልበርግንና ብራንደንቡርግን ሲያወድሙ መስመሩ ያበቃል።

ማውሪስዮስን ጥቁር አፍሪካዊ አድርጎ የሚያሳየው የካቴድራሉ ሐውልት ፎቶ ካላችሁ ከ937 አጠገብ አትለጥፉት። የተሠራው 1250 አካባቢ ነው፤ በዚህ ልኬት ከ805 በ4 ሜትር ከ45 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፣ ስለዚህ ከወረቀቱ ውጪ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ።