ለቆላው ወሎ፦ ቆርቆሮ ጣሪያን ነጭ ቀብቶ ማቀዝቀዝ

አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ ብዙውን የፀሐይ ብርሃንም ይመልሳል። የዋጠውን ሙቀት ግን በጨረር መልሶ መልቀቅ ስለማይሆንለት ቀን 6 ሰዓት ላይ እጅ አያስነካም። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ይችላል፦ ብርሃኑን ይመልሳል፣ ሙቀቱንም ከ8 እስከ 13 ማይክሮሜትር ባለው የጨረር ሞገድ አየሩን አሳልፎ ወደ ጠፈር ይለቃል። ይህ የሚሳካው ሰማዩ ሲጠራና አየሩ ሲደርቅ ነው፤ የቆቦና የባቲ በጋ ደግሞ እንዲያ ነው።

አሜሪካ በሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የባሪየም ሰልፌት ቀለም 98.1 በመቶ ብርሃን ይመልሳል፤ በጠራራ ፀሐይ ከአካባቢው አየር በ4.5 ዲግሪ ቀዝቅዞ ተለክቷል። የሱቁ ነጭ ከ80 እስከ 90 በመቶ ነው። ከአየሩ በታች አያወርድም፤ ከባዶ ቆርቆሮ ጋር ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው።

የሚገዛው የውጭ ፕላስቲክ ቀለም ነው። የዘይት ቀለም በጭራሽ አይሁን፤ ቆርቆሮው ከተለበጠበት ዚንክ ጋር ሲገናኝ ከሥሩ ወደ ሳሙናነት ይለወጥና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ኖራም አይበጅም፤ ርጥብ ኖራ ዚንኩን ይበላዋል፣ ዝናብም ያጥበዋል። 1 ሊትር ለአንድ ዙር ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከነሞገዱ 46 ገደማ ስለሚሆን ለሁለት ዙር ከ10 እስከ 12 ሊትር ያዙ።

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በእጥበቱ ነው። አዲስ ቆርቆሮ ከፋብሪካው የዘይት ሽፋን ይዞ ይመጣል፤ አንድ ክረምት ቢያልፍበት ይሻላል። ካልሆነ በዱቄት ሳሙና እጠቡት፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፣ ሳሙናው እስኪጠፋ አለቅልቁት። የዛገውን በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቡ። ሁሉን ከመቀባት በፊት አንድ ጥግ ሞክሩ፦ ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ በምላጭ መስቀል ጫር አድርጉበት፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ ባንዴ ሳቡት። ቀለሙ ተከትሎ ከመጣ ቆርቆሮው ገና አልጠራም።

ቅቡን ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ፣ የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ጨርሱ። ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ ጀምሩ፤ ብረቱ ከጋለ ውሃው ቀለሙ ሳይያያዝ ይተናል። የመጀመሪያውን ዙር ከቀለሙ አንድ አሥረኛ በሚሆን ውሃ አቅጥኑት፣ ሁለተኛውን በማግስቱ ሳታቀጥኑ ድገሙት። ስትረግጡ ምስማሩ በተመታበት መስመር፣ ከሥሩ ሞራሌ ባለበት ይሁን።

የዝናብ ውሃ የምታጠራቅሙ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች አፍስሱ። አቧራ ነጩን ስለሚያደበዝዘው የግንቦት ሙቀት ሳይገባ በውሃና በለስላሳ መጥረጊያ አንዴ እጠቡት።

ለደሴና ከዚያ በላይ ላለው ደጋ ይህን አንመክርም፤ በብርዱ ወራት ቤቱን የባሰ ያቀዘቅዘዋል።